አንዲት እናት ስትወልድ ስንት ሰው ይሠራል?

«ነፍሰ ጡር ሴት አንድ እግሯ ከመቃብር ነው» የሚል የቆየ አባባል አለ። አባባሉን ያወጡት ሰዎች አላጋነኑም፤ ያዩትን ነው የተናገሩት። በ1992 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት፣ መቶ ሺህ ሕፃናት በሕይወት ሲወለዱ 871 እናቶች በእርግዝና፣ በምጥ ወይም ከወሊድ በኋላ ባሉት ቀናት ይሞቱ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ተመሳሳይ ጥናት ሲደረግ ቁጥሩ ወደ 412 ወርዶ ተገኘ። ከግማሽ በላይ ቀነሰ ማለት ነው። ሆኖም 412 እናት ማለት እናት የሌለው 412 ቤት ማለት ነው።

ቁጥሩን ያወረደው ምንድን ነው? አንዳንዱ ሰው «መድኃኒት ስለ መጣ ነው» ይላል። ሌላው «ሐኪም ስለ በዛ ነው» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ግን መድኃኒቱ ማቀዝቀዣ ውስጥ ተቆልፎበት፣ ሐኪሙም ሳይጠራ ቀርቶ፣ እናቲቱ ከሁለቱ አጠገብ ልትሞት ትችላለች። በመድኃኒቱ፣ በሐኪሙና በእናቲቱ መካከል የሚመላለስ ሰው ያስፈልጋል። ይህ ጽሑፍ ስለ እነዚያ ሰዎች ነው።

እኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ጎልማሶችን ማንበብና መጻፍ እንዳስተምር ተመድቤ የመጣሁት መቀሌ ከተማ፣ ቃላሚኖ ነው። ቃላሚኖ ሲባል ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስበው የትግራይ ልማት ማኅበር ያቋቋመውን ልዩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። የእኔ ተማሪዎች ግን በዚያ ትምህርት ቤት አጠገብ ያልፋሉ እንጂ ገብተው አልተማሩበትም። ቀን ሲሠሩ ውለው ማታ ደብተራቸውን ይዘው ይመጣሉ። ከእነሱ መካከል እናትና ልጅ አሉ። ልጅየው የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ናት። እናትየው ሰባት ልጆች ወልደዋል፤ ሁሉንም በቤታቸው፣ በአንዲት የሰፈር ልምድ አዋላጅ እጅ ነው። ከሰባቱ ሁለቱ አላደጉም።

አንድ ማታ እኒህ እናት ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው የልጃቸውን የክትትል ካርድ አወጡ። «ጓለይ፣ እስቲ ይኼን አንብቢልኝ» አሉኝ። ጓለይ በትግርኛ «ልጄ» ማለት ነው፤ ለሴት ልጅ ይባላል። አስተማሪያቸው ብሆንም ለእሳቸው ልጅ ነኝ። ካርዱን ሳየው አምስት ዓይነት የእጅ ጽሑፍ አለበት። አንዱ ክብ ክብ ያለ፣ አንዱ የተንጋደደ፣ አንዱማ ለእኔም አልነበብ ያለኝ። የአምስት ሰዎች ጽሑፍ መሆኑን ስነግራቸው ተገረሙ። «እንዴ! እኔ ሰባቱንም የወለድኩት በአንዲት መሕረሲት ነው። ለዚህች አንድ ልጅ ይህ ሁሉ ሰው ምን ያደርጋል?» አሉ። መሕረሲት አዋላጅ ማለት ነው። ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ነበር። ያን ማታ የሰጠኋቸው መልስ ግን ጎደሎ ስለ ነበር፣ የጤና ጣቢያ አዋላጆችን ጠይቄ፣ ያነበብሁትንም ጨምሬ፣ እነሆ አሁን በደንብ እመልሳለሁ።

የመጀመሪያው ጽሑፍ የካርድ ክፍል ሠራተኛው ነው። ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ ጽፏል። ብዙ ሰው ይህን ሠራተኛ ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ነገር ግን ካርዱ ከሌላ ሰው ካርድ ጋር ቢቀያየር፣ ከዚያ በኋላ የሚሠራው ሥራ ሁሉ ለሌላ ሴት የተሠራ ይሆናል።

ሁለተኛው የአዋላጅ ነርሷ ነው። ክብደት፣ የፅንሱ የልብ ምት፣ የደም ግፊት። የደም ግፊት ሁለት ቁጥር ሆኖ፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ይጻፋል። በነፍሰ ጡር ሴት ላይ የላይኛው 140 ወይም የታችኛው 90 ከደረሰ አደጋ አለ ማለት ነው። ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት ከተጨመረበት ደግሞ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። ይህ በሽታ ሲብስ እናቲቱን አንቀጥቅጦ ይጥላታል። ድሮ እንዲህ የወደቀችን ሴት ጋኔን መታት ይሉ ነበር። ዛሬ ማግኒዥየም ሰልፌት የሚባል መርፌ አለው።

ሦስተኛው የላቦራቶሪ ባለሙያው ጽሑፍ ነው። የደሟን ዓይነት፣ የደሟንም መጠን መርምሮ ጽፏል። ልጅቱ የደም ማነስ ነበረባት። አራተኛው የክትባት ነርስ ነው፤ መንጋጋ ቆልፍ እናቲቱንና ሕፃኑን እንዳይዝ የተሰጠ ክትባት ነው። አምስተኛው፣ ያ አልነበብ ያለኝ፣ የጤና መኮንኑ ጽሑፍ ነው። አዋላጇ የላቦራቶሪውን ውጤት አይታ «ይቺን ልጅ እይልኝ» ብላ ወስዳለት፣ የብረት እንክብል አዝዞ፣ በሁለት ሳምንት ተመለሺ ብሏታል።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቁም። የደም ማነስ መኖሩን ያወቀው የላቦራቶሪው ሰው ነው። እሱ ግን እንክብል አያዝዝም። እንክብል የሚያዘው ጤና መኮንን ነው። እሱ ደግሞ ደም አልመረመረም። በሁለቱ መካከል አዋላጇ ወረቀቱን አንብባ ባትወስደው ኖሮ፣ ሁለቱም ሥራቸውን በትክክል ሠርተው ልጅቱ ከነደም ማነሷ ምጥ ትገባ ነበር። ኪሱ ውስጥ ሺህ ብር ያለው ሰው መቶ ብር ቢጠፋው አይጎዳም። መቶ ብር ብቻ ላለው ግን ያው መቶ ብር ሁለመናው ነው። ደሟ ያነሰ ወላድም እንደዚሁ ናት። ሌላዋ የምትችለውን መፍሰስ እሷ አትችለውም።

ስለ ደም መፍሰስ በሰፊው ልናገር፤ ከሁሉ የበለጠ እናቶችን የሚገድለው እሱ ነውና። ልጁ በደህና ተወልዶ፣ እልልታው ተጀምሮ፣ ቤተሰቡ ገንፎ ለማገንፋት ሲጣደፍ ነው የሚመጣው። ማኅፀን ልጁንና የእንግዴ ልጁን ካወጣ በኋላ እንደ ጡጫ መጨበጥ አለበት። ሲጨበጥ የተከፈቱት የደም ሥሮች ይዘጋሉ። ካልተጨበጠ ደሙ እንደ ቧንቧ ይወርዳል። ክፉኛ የሚፈሳት እናት በሁለት ሰዓት ውስጥ ልትሞት ትችላለች። ለዚህ ነው ልጁ እንደ ተወለደ፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ፣ ኦክሲቶሲን የሚባለው መርፌ ለእናቲቱ የሚሰጠው። ማኅፀኑን ያስጨብጠዋል። ይህ መርፌ ሙቀት ከነካው ኃይሉ ይደክማል፤ ስለዚህ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። እንግዲህ የመድኃኒት ቤት ሠራተኛውና ማቀዝቀዣውን የሚጠግነው ሰውም ከማዋለጃው ክፍል ሰዎች ተቆጠሩ ማለት ነው።

መርፌው ተሰጥቶ ደሙ ባይቆምስ? አንዲት አዋላጅ ያጫወተችኝን እንደ ወረደ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ያየው ሰው ጮክ ብሎ ሰው ይጠራል። «ማፈር የለም፣ ብቻዬን እወጣዋለሁ ማለት የለም» አለችኝ። አንዷ እጇን ከእምብርት በታች አድርጋ ማኅፀኑን ታሻለች። ሁለተኛዋ በሁለቱም ክንድ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ትከፍታለች። ሦስተኛው ደም ቀድቶ ወደ ላቦራቶሪ ይሮጣል። ላቦራቶሪው የእናቲቱን ደም ከሚሰጣት ደም ጋር አስማምቶ ያያል፤ ያልተስማማ ደም ራሱ ይገድላልና። አንድ ሰው ደግሞ ምንም ሳይነካ ቆሞ ይጽፋል። በስንት ሰዓት ምን ተሰጠ፣ የደም ግፊቷ ስንት ሆነ፣ ስንት ጨርቅ ራሰ። እኔ መጀመሪያ ስሰማ ይህ ጸሐፊ ትርፍ ሰው መሰለኝ። «ሁሉም እየሠራ እሱ ቆሞ ይጽፋል?» አልኋት። ሳቀችብኝ። በግርግር ውስጥ ጊዜ ይጠፋል፤ አምስት ደቂቃ የመሰለው ሃያ ደቂቃ ሆኖ ይገኛል። ያንኑ መድኃኒት ሁለት ሰው ሁለቴ ይሰጣል፣ ወይም እያንዳንዱ «ጓደኛዬ ሰጥቶታል» ብሎ ማንም ሳይሰጠው ይቀራል። ይህን የሚያድነው የቆመው ጸሐፊ ነው።

ምጡ አልገፋ ብሎ ኦፕራሲዮን ሲያስፈልግ ሰዎቹ ይጨምራሉ። ቀዳጁ፣ ረዳቱ፣ መሣሪያ አቀባይ ነርስ፣ ማደንዘዣ ሰጪ፣ ዕቃ አመላላሽ ነርስ፣ ሕፃኑን የምትቀበል አዋላጅ። ሕፃኑ ካልጮኸ የሕፃናት ሐኪም ይታከላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ለኦፕራሲዮን ክፍል አንድ አጭር የጥያቄ ወረቀት አወጣ። ወረቀቱ ከሚያዝዘው ውስጥ አንዱ፣ ቆዳ ከመቀደዱ በፊት በክፍሉ ያለው ሰው ሁሉ ስሙንና የሥራ ድርሻውን እንዲናገር ነው። ቀልድ ይመስላል። ነገር ግን በዓለም ዙሪያ በስምንት ሆስፒታሎች ሲሞከር፣ ከልዩ ልዩ ኦፕራሲዮን በኋላ የሚሞተው ሰው ከመቶ 1.5 ወደ 0.8 ዝቅ አለ። በእርግጥ በወረቀቱ ላይ ሌሎችም ጥያቄዎች አሉ፤ ውጤቱ የስም መነጋገር ብቻ አይደለም። እኔ ግን ስለ ስሙ ማሰብ አላቆምሁም። ስሟን አንዴ ድምፅ አውጥታ የተናገረች ወጣት ነርስ፣ በኋላ አንድ ስሕተት ስታይ «ዶክተር፣ ቆይ» ለማለት ይቀልላታል።

ይህ በአገራችን ትልቅ ነገር ነው። ታናሽ በታላቅ ፊት ዝም እንዲል ነው ያደግነው። በገበታ ላይ ሲሆን ጨዋነት ነው። በማዋለጃ ክፍል ውስጥ ግን አደጋ ነው። የተወለደችውን ሴት አንሶላ የምትቀይረው የጽዳት ሠራተኛ ደሙን ከሁሉ ቀድማ ልታየው ትችላለች። «እኔ ምን አገባኝ፣ እነሱ ያውቃሉ» ብላ ዝም ካለች፣ ከእሷ በላይ ያለው እውቀት ሁሉ ምን ይጠቅማል?

በኅብረት የመሥራቱ ነገር ለአገራችን አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ብዙ ሺህ ሰው ከገደለ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። በዚያ ጊዜ የኢትዮጵያ ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ስለዚህ ኮሌጁ የጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና የአካባቢ ንጽሕና ሠራተኛ አንድ ላይ እያስተማረ፣ አንድ ላይ ወደ ጤና ጣቢያ ይልካቸው ነበር። ሦስቱ በትምህርት ቤት ስለሚተዋወቁ፣ በሥራ ላይ አንዱ የሌላውን ችሎታ ያውቃል። የጎንደር ሰዎች ያኔ የገባቸው ነገር በሌላው ዓለም ብዙ ቆይቶ ነው የተሰበከው።

ትግራይም በዚህ ረገድ የምትጠቀስበት አላት። የማኅፀን ሐኪም በማይገኝባቸው ሆስፒታሎች ወላድን ቀድዶ የሚያዋልደው ማን ይሁን? እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2008 በክልሉ ከተደረጉት የማዋለጃ ኦፕራሲዮኖች ከግማሽ የሚበልጡትን የሠሩት ሐኪሞች ሳይሆኑ ለዚሁ የሠለጠኑ ሌሎች የጤና ባለሙያዎች ነበሩ። ከዚያም ጤና መኮንኖችን ለድንገተኛ ኦፕራሲዮንና ለማዋለድ የሚያሠለጥን የሦስት ዓመት ትምህርት ሲጀመር፣ መቀሌ ዩኒቨርሲቲ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ሆነ። አንዳንድ ሰው «ሐኪም ያልሆነ እንዴት ይቀዳል?» ይላል። ጥያቄው አይነቀፍም። እኔ ግን መልሼ የምጠይቀው፣ ሐኪሙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ሳለ በሩ ላይ የደረሰችው ሴት ምን ትሁን? ነው።

አሁን ደግሞ ኅብረቱ ሲጎድል የሚሆነውን ልንገራችሁ። ይህን የምጽፈው ከመጽሐፍ አይደለም። የአክስቴ ልጅ ከጥቂት ዓመታት በፊት በምጥ ተይዛ ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ገባች። ስሙን አልጠራም። ቦታው ከዚህ ሩቅ ነው። ሌሊቱን ሲከታተሏት አድረው፣ ምጡ እንዳልገፋ አይተው፣ ወደ ሆስፒታል ላኳት። አምቡላንስም ተገኘ። እኔ አብሬ ሄድሁ፤ ወረቀቱም በእጄ ነበር። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው «ለተሻለ ሕክምና» የሚል ብቻ ነው። ምጡ መቼ ጀመረ፣ ውሃው መቼ ፈሰሰ፣ ምን መርፌ በስንት ሰዓት ተሰጣት፣ የልጁ ልብ ምት እንዴት ነበር፣ አንዱም የለበትም። ስልክም አልተደወለም። ሆስፒታሉ ስንደርስ እንደ አዲስ መጠየቅ ጀመሩ። እሷ መናገር አልቻለችም። እኔ የማውቀው ነገር የለም። የሰጧትን መድኃኒት ሳያውቁ ሌላ ለመጨመር ፈሩ፤ ልክ ነበሩ። የኦፕራሲዮን ክፍሉም ቀድሞ ስላልተነገረው አልተዘጋጀም። አንድ ሰዓት ከሩብ አለፈ። እሷ ተረፈች። ልጁ ግን ሞቶ ተወለደ።

የጤና ጣቢያው አዋላጅ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛም። ሾፌሩ በፍጥነት ነድቷል። የሆስፒታሉ ሰዎችም ከኦፕራሲዮን ክፍል ላብ በላብ ሆነው ሲወጡ አይቻለሁ። ሁሉም ሥራውን ሠርቷል። ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ሥራ በሚወስደው መንገድ ላይ ግን ከእኔና ከዚያ ባዶ ወረቀት በቀር ማንም አልነበረም።

አዋላጇን ስለዚህ ነገር ጠይቄያት ነበር። በሽተኛ ሲተላለፍ አራት ነገር መነገር አለበት አለችኝ፤ ይህች ሴት ማን ናት፣ ምን ደረሰባት፣ እስካሁን ምን ተደረገላት፣ ከእናንተ ምን እፈልጋለሁ። በስልክ ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም። ፈረቃ ሲቀየርም ያው ነው። ማታ የምትወጣው አዋላጅ ለምትገባው አልጋው አጠገብ ቆማ፣ የምጥ መከታተያውን ሰንጠረዥ እያሳየች ታስረክባለች እንጂ፣ ቦርሳዋን አንሥታ «ሁሉም ደህና ነው» ብላ አትሄድም።

የተራዘመ ምጥ ካልገደለ ሌላ ጉዳት ያመጣል። የሕፃኑ ራስ ለቀናት ሲጫን በእናቲቱ ማኅፀን መውጫና በሽንት ፊኛ መካከል ያለው ሥጋ ይሞትና ይቀዳል፤ ሽንቷ ያለ ፈቃዷ ይፈስሳል። ይህ ፌስቱላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ አዲስ አበባ የመጡት አውስትራሊያዊቷ ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና የኒውዚላንዱ ተወላጅ ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ይህን የሚጠግን ሆስፒታል አቋቋሙ፤ በኋላ በመቀሌም ማዕከል ተከፈተ። ደስ የሚለኝ ግን ሌላው ሥራቸው ነው። የተቀደደ መስፋት ብቻውን እንደማያልቅ አይተው፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የአዋላጆች ኮሌጅ ተከፈተ። ከታካሚዎቹ አንዷ የነበሩት ማሚቱ ጋሼም፣ ፊደል ሳይቆጥሩ ገብተው፣ በኦፕራሲዮን ክፍል ሲረዱ ሲረዱ ራሳቸው ፌስቱላ ቀዳጅ ሆነዋል።

የቃላሚኖ ሰው ሰንሰለት ሲበጠስ ምን እንደሚመስል ከእኔ በላይ ያውቃል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ከመጀመሩ በፊት በትግራይ በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ በየወረዳው ጤና ጣቢያና አምቡላንስ፣ ከላይ ደግሞ እንደ ዓይደር ያለ ትልቅ ሆስፒታል ነበረ። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት 106 የጤና ተቋማትን ጎብኝቶ በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ፣ 70 በመቶ ያህሉ ተዘርፈው፣ ከ30 በመቶ የሚበልጡት ጉዳት ደርሶባቸው፣ እንደ ወትሮው የሚሠሩት 13 በመቶ ብቻ ሆነው ማግኘቱን ገለጸ። አብዛኞቹ አምቡላንሶችም በታጣቂዎች ተወስደው ነበር። ሐኪሙ ዓይደር ቁጭ ብሎ፣ አዋላጇም ከሰፈሯ ሳትወጣ፣ በመካከላቸው መኪናም ስልክም የለም። በዓይደር ሠራተኞች ለብዙ ወራት ደመወዝ ሳያገኙ ሠርተዋል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የሰላም ስምምነት ከተፈረመ በኋላም የተበጠሰውን መቀጠል ጊዜ የሚፈልግ ሥራ ሆኗል።

እኒያን እናት ወደ ጠየቁኝ ጥያቄ ልመለስ። የእሳቸውን አዋላጅ አልንቅም። አምስቱን ልጆች አሳድገዋልና። እጇ የሚያውቀውን ያህል ሠርታለች። ግን ብቻዋን ነበረች። ደም ሲፈስ የምትጠራው ሰው አልነበራትም።

ይህን ሁሉ በሌላ ማታ አስረዳኋቸው። ሰምተው ሲያበቁ «እሺ፣ እኔስ ምን ልሥራ?» አሉ። አዋላጇ የነገረችኝን ነገርኋቸው። ካርዱ ከልጅቱ እንዳይለይ። የሚወስዳት መኪናና የሾፌሩ ስልክ ከአሁኑ ይታወቅ። ደም ሊሰጡ የሚችሉ ሁለት ዘመዶች ይዘጋጁ። ሌሊት ምጥ ቢመጣ ቤት የሚጠብቀው ሰው ይታወቅ። ደም ካየች፣ ራሷን ካመማት፣ የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ፣ ባልየው ከሥራ እስኪመለስ አይጠበቅ። ጤና ጣቢያ ሲደርሱም የሰጧትን መድኃኒት ስምና ሰዓት ይጠይቁ፤ «ወረቀቱ ላይ ጻፉልን» ማለት ድፍረት አይደለም።

እናትየው ራሳቸውን ነቀነቁ። ልጅየው ግን እርሳስ ጠየቀችኝ። የካርዱን ጀርባ ገልብጣ፣ ምላሷን በጥርሷ ይዛ፣ የወንድሟን ስምና የባጃጅ ነጂውን ስልክ ጻፈች። አንዱን ቁጥር ገልብጣ ጽፋው ነበር። እናቷ አዩትና «ይኼ ስድስት አይደለም፣ ዘጠኝ ነው» አሏት። አጠፋችውና እንደገና ጻፈችው።